በአንድ ክፈፍ ያልቆሙ ሰዎች

ፎቶግራፍ ከሌሎቹ የሥነ ጥበብ ዘርፎች ይልቅ ለምስክርነት የታጨ ነው። ሠዓሊ የሣለውን ሰው በዓይኑ አይቶት እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም፤ ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣው ነገር ሁሉ ግን በፊቱ የነበረ ነው ተብሎ ይታመናል። በፍርድ ቤትም ሆነ በጎረቤት ጠብ «ፎቶግራፍ አለ» ከተባለ ክርክሩ ከግማሽ በላይ አበቃ ማለት ነው። ይህ እምነት መሠረት የሌለው አይደለም። ብርሃን ከሰውዬው ፊት ተነሥቶ፣ በሌንሱ በኩል አልፎ፣ በፊልሙ ላይ አርፎ ያስቀረው ምልክት በእርግጥ የዚያ ሰው ምልክት ነው። ይሁንና ብርሃን በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያርፍ የሚያስገድደው ሕግ የለም። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥበብ፣ ማለትም ሥዕልን በሥዕል ላይ እያነጠፉ አንድ የማድረግ ሥራ፣ የተወለደው ከዚህ ቀላል እውነት ነው።

በአሁኑ ጊዜ «ፎቶሾፕ ነው» ማለት በአፍ ልማድ «ሐሰት ነው» ማለት ሆኗል። የአንድ የኮምፒዩተር መሣሪያ ስም ወደ ስድብነት መለወጡ ለመሣሪያው አያሳዝነኝም፤ የሚያሳዝነኝ ከመሣሪያው በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ጥበብ አብሮ መሰደቡ ነው። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ስዊድናዊው ኦስካር ሬይላንደር በ1857 (እ.ኤ.አ.) «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ትልቅ ፎቶግራፍ ያዘጋጀው ከ30 የሚበልጡ ኔጋቲቮችን በማጣመር ነበር። አንዱን ኔጋቲቭ በወረቀቱ አንድ ክፍል ላይ ሲያትም የቀረውን ወረቀት ከብርሃን ይሸፍናል፤ ቀጥሎ ያተመውን ሸፍኖ ሌላውን ክፍል ይገልጣል። ሥራው ስድስት ሳምንት ያህል እንደፈጀበት ተጽፏል። ንግሥት ቪክቶሪያ ለባለቤታቸው አንድ ቅጂ ገዝተውለታል።

በዓመቱ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን የተባለው ሌላው ፎቶግራፍ አንሺ፣ በሳንባ ነቀርሳ የምትሞት ልጃገረድና በዙሪያዋ የቆሙ ቤተሰቦችዋ የሚታዩበትን ሥራ ከ5 ኔጋቲቮች አጣምሮ አቀረበ። ልጅቱ ጤነኛ ነበረች፤ የታመመች መስላ የተቀመጠች ናት። ሆኖም ብዙ ተመልካቾች ተቀየሙ፤ እንዲህ ያለው የቤተሰብ ሐዘን ለካሜራ የማይገባ ነው አሉ። ይህ ቅያሜ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ያንኑ ሐዘን ሠዓሊ በቀለም ቢሥለው ማንም ባልተቆጣ ነበር። በፎቶግራፍ ሲሆን ግን በሰው መኝታ ቤት ገብተው ያዩ ያህል ተሰማቸው። የምስክርነቱ ነገር ገና ያን ጊዜ በሰው ልብ ሥር ሰድዶ ነበር ማለት ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀናት ይሠራ የነበረው ነገር ወደ ኮምፒዩተር የተሸጋገረው በሁለት ወንድማማቾች ነው። ቶማስ ኖል በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የጀመረውን ፕሮግራም፣ የፊልም ልዩ ትርዒት ባለሙያ የነበረው ወንድሙ ጆን አይቶ አበረታታውና አብረው አሳደጉት። ፎቶሾፕ ተብሎ ለገበያ የወጣው በ1990 የካቲት ወር ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1982 መሆኑ ነው። ይህን ዓመት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁና። በዚያ በመጀመሪያው መልኩ አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ መለጠፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የተለጠፈው ከሥር ካለው ጋር ወዲያው ይዋሐዳል፤ ቆይቶ ማንሣት የለም። ባለሙያዎች ሌየር የሚሉት ንጣፍ የመጣው በ1994 (እ.ኤ.አ.)፣ በሦስተኛው ዕትም ነው።

ንጣፍ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ከመስኮት መስተዋት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ብዙ መስተዋቶች በላይ በላይ ተደርድረዋል እንበል። በታችኛው ላይ መስክ ተሥሏል፤ በመካከለኛው ላይ ዛፍ፤ በላይኛው ላይ ሰው። ከላይ የሚመለከት ሰው አንድ ሥዕል ብቻ ያያል። ሰውዬውን ወደ ግራ ለማራቅ ያሻው እንደሆነ መስተዋቱን መግፋት ነው፤ ዛፉም መስኩም አይነካም። የካርቱን ፊልም ሠሪዎች ከ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሴሉሎይድ ላይ እየሣሉ ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። ኮምፒዩተሩ የጨመረው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ መስተዋት ምን ያህል እንደሚያሳይ በቁጥር መወሰኑን ነው። በንጣፉ ላይ ማስክ የተባለ ሽፋን ይደረግበታል፤ ሽፋኑ ነጭ በሆነበት ሥዕሉ ይታያል፤ ጥቁር በሆነበት ይሰወራል፤ ግራጫ በሆነበት እንደ ግራጫው መጠን ከሥር ያለውን ያሳልፋል። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ደረጃ 256 ነው። ከዚህም ሌላ ንጣፎቹ የሚዋሐዱበት ስልት ብዙ ዓይነት ሲሆን፣ ለጥላ ሥራ የሚመረጠው መልቲፕላይ የሚሉት ማባዣ ነው፤ የላይኛውን ነጥብ ብርሃን በታችኛው ያባዛና ለ255 ያካፍለዋል። 128 ከ128 ጋር ሲገናኝ 64 ይሆናል ማለት ነው። ነጭ ምንም አይለውጥም፤ ጥቁር ሁሉን ያጠቁራል፤ በመካከል ያለው ደግሞ ልክ እንደ እውነተኛ ጥላ የሥሩን ሣር ሣርነት፣ የሥሩን ጨርቅ ጨርቅነት ሳያጠፋ ያደበዝዘዋል።

ለእኔ ግን የንጣፍ ትልቁ ስጦታ ማጣመሩ አይደለም። ማጣመርማ ሬይላንደርም ችሎበታል። ስጦታው እያንዳንዱ ሥዕል ከየት እንደ መጣ ሳይጠፋ፣ ለብቻው ተጠብቆ፣ ከሌላው ጋር መቆም መቻሉ ነው። ባለሙያው ፋይሉን በከፈተ ቁጥር መገጣጠሚያውን ያገኘዋል። ንጣፎቹ ተጨፍልቀው አንድ የሚሆኑት ሥራው አልቆ ለአታሚ ሲሰጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አባት የቱ ልጅ የቱ፣ ያኔ የቱ አሁን የቱ፣ ለይቶ የሚያወጣ የለም። ከዚህች የመጨፍለቅ ደቂቃ በኋላ ሥዕሉን የሚያምነው ሰው የሚያምነው በሠሪው ሕሊና ነው።

ሕሊናው ሲጎድል ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። በ1937 (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ ቮልጋ ቦይ ዳር ከስታሊን ጎን ሲራመድ ፎቶግራፍ የተነሣው የፀጥታ ሹሙ የዦቭ፣ በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶግራፉ ላይ ተሰርዞ በስፍራው የቦዩ ውሃ ብቻ ቀርቷል። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በ1982 (እ.ኤ.አ.) የካቲት ዕትሙ በአግድም የተነሣውን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶግራፍ ከቁም ሽፋኑ ጋር ለማስማማት ሲል ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራረባቸው፤ ሰው ያልገደለ፣ መንግሥት ያልገለበጠ ጥፋት ቢሆንም እስከ ዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል። በአገራችንም ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከመውረዳቸው አስቀድሞ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ተቀናብሮ ተሰራጭቷል እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ወሬው ብቻውን እንኳ የሚነግረን ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን ካሜራ አይቶ የማያውቀው ሕዝብ የካሜራን ቃል እንደ መሐላ ቃል ሊቀበል እንደሚችል የገባቸው ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ያልተገናኙትን ማገናኘት ሁሉ ውሸት ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ለዚህም የምጠራው ምስክር የራሳችን የሥዕል ልማድ ነው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በምትገኘው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጅዋ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እቴጌይቱ የኖሩት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህን ሥዕል ያየ ምዕመን ሁለቱ በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል ብሎ አያስብም፤ እንዲያስብም የፈለገ የለም። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከቅዱሱ ግርጌ ተሥሎ ከጎኑ «ተማኅፀነ» የሚል ጽሕፈት ይነበባል። ይህች አንዲት ቃል ሁለቱን የተለያዩ ዘመናት በአንድ ክፈፍ ያኖራቸው ምን እንደሆነ ትናገራለች። የዐድዋም ሥዕል እንዲሁ ነው። ከላይ በደመናው ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ አለ፤ ከታች በአንድ ወገን ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከነሠራዊታቸው፣ በሌላ ወገን ጠላት አለ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከማለዳ ጀምሮ የሆነው ሁሉ፣ በሰማይና በምድር ያለውም ጭምር፣ በአንድ ሸራ ላይ ተነጥፏል። ሠዓሊው አላታለለም። መገጣጠሚያውን አልደበቀውምና።

የፎቶ ቤቶቻችንም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በልጅነቴ ከዘመድ ቤት አልበም ውስጥ በወይን ብርጭቆ ውስጥ የቆሙ ሙሽሮች አይቼ እንዴት እንደገቡ ስጠይቅ የተሳቀብኝን አስታውሳለሁ። አሁን ደግሞ ብርጭቆው ቀርቶ ሌላ መጥቷል። ቤሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ሠራተኝነት የምትኖር ልጅ በስልክዋ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ትልካለች፤ ለፋሲካ ወላጆችዋና እኅቶችዋ ከተነሡት ጋር እንድትቀላቀል ትለምናለች። ፎቶ ቤቱም ከበሩ አጠገብ ያቆማታል። ብዙ ጊዜ ብርሃኑ አይገጥምም፤ ቁመትዋም ከበሩ ይበልጣል። ቤተሰቡ ግን በትልቁ አሳጥሞ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ እንግዳ ሲመጣም «ይቺ እንኳ እዚህ አልነበረችም፣ ቤሩት ናት» ብሎ ያስረዳል። ይህ ማስረዳት የሥዕሉ አካል ነው። የቤተ ክርስቲያኑን «ተማኅፀነ» በቃል እንደ መናገር ነው።

ይህን ሁሉ በቅርብ እንዳስብበት ያደረገኝ የቤተሰባችን ጉዳይ ነው። አባቴ ሾፌር ነበር። በጥር ወር 1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ኤን ትሬ ጭነት መኪናውን ይዞ ከደሴ ሲመለስ ጣርማ በር ላይ በደረሰበት አደጋ በ34 ዓመቱ ዐረፈ። (ፎቶሾፕ ለገበያ የወጣው ከዚያ አንድ ወር ቆይቶ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የእኔ አእምሮ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ባሰብሁት ቁጥር ይቆረቁረኛል።) እናቴ ያን ጊዜ 27 ዓመትዋ ነበር። ትንሹ ወንድሜ ገና በማሕፀን ነበረና የተወለደው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። አባቱን አላየም፤ አባቱም አላየውም። ቤታችን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በመዘዋወሩና አንድ ክረምት ጣራው ባፈሰሰበት ጊዜ አልበሙ በመበላሸቱ፣ ከአባቴ የቀረን ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ መስከረም ላይ፣ ለመንጃ ፈቃዱ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ። ጥቁርና ነጭ ነው። ስፋቱ 3፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀኝ ትከሻው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ሩብ ክብ ሆኖ አርፎበታል።

ወንድሜ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አገባ። ዕድሜው 34 ነበር። በሠርጉ ማግሥት በመልሱ ላይ ቤተሰቡ በአትክልት ስፍራ ተሰብስቦ ፎቶግራፍ ሲነሣ እናቴ በመካከል ከወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ከኋላዋ ሊቆም ሲል በእጅዋ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ካሜራውን የያዘው ሰው «ጠጋ በሉ፣ ክፍት ቦታ አለ» ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ እርስዋ ግን ሰው እንዳይገባበት አደረገች። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንጃ ፈቃዱን ከሙዳይዋ አውጥታ «ይህን እዚያ ጋ አቁሙልኝ» ባለች ጊዜ ነው ክፍት ቦታው ለማን እንደ ነበረ የገባን።

ወንድሜ አስቀድሞ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰደው። በሦስተኛው ቀን የመጣው ሥራ በቴክኒክ ረገድ የሚነቀፍ አልነበረም ለማለት እችላለሁ፤ መገጣጠሚያው በዓይን አይገኝም። አባቴ ከሌላ ሰው ገላ ላይ ተተክሎ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባት አሥሯል። ፊቱ ቀለም ተቀብቶ ቀልቷል። በጉርዱ ፎቶግራፍ ላይ በግራ ቅንድቡ መካከል የሚታየው ጠባሳ ተስተካክሎ ጠፍቷል። ማኅተሙም ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘም፤ በፎቶ ቤት ልማድ ማሳመር ከዋጋው ጋር የሚሰጥ ምርቃት ስለሆነ ነው። እናቴ ሥዕሉን እያየች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻም «ከረባት አሥሮ አያውቅም» ብላ አስቀመጠችው።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። በስልኩ ላይ ባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ መሣሪያ አባቴን አስረጀው። በሕይወት ቢኖር በዚያን ዓመት 68 ይሞላው ነበርና፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ከእናቴ ጎን ቢቆም ባል የሚመስል ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፈጠረ። ይህኛው እኔንም አስደነገጠኝ፤ በጣም እውነት ይመስላልና። እናቴ ስልኩን ከዓይንዋ አራቅ አድርጋ ተመለከተች። «ደግ ሽማግሌ ይመስላል፤ የማን አባት ነው?» አለች። በንቀት አልነበረም የጠየቀችው፤ ከልብዋ ነበር።

እንግዲህ ሥራው ወደ እኔ መጣ። ከሁሉ አስቀድሞ እናቴን የጠየቅሁት በዕድሜ ነገር ነው። እርስዋ 61 ዓመትዋ ነው፤ እሱ በ34 ዓመቱ ቆሟል። አጠገብዋ ቢቆም ልጅዋ ይመስላል፤ ከወንድሜ ጋር ሲተያዩ ደግሞ መንትያ ይመስላሉ። ሰው አይቶ ቢስቅስ? «እሱ በሄደበት ዕድሜ ይቁም፤ እኔም በደረስሁበት እቀመጣለሁ» አለችኝ። «ልጅዋ ነው የሚል ካለም ይበል። ምን ገዶኝ።»

ጉርዱን ፎቶግራፍ በስካነር በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ አድርጌ አነሣሁት፤ ወደ 1400 በ1900 ነጥብ ያህል ወጣው፤ ለአንድ ፊት ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የመጣው ከብርሃኑ በኩል ነው። በአትክልት ስፍራው የከሰዓት ፀሐይ ከግራ ትመጣለች፤ በጉርዱ ላይ ግን የፎቶ ቤቱ መብራት የሚያበራው ከቀኝ ነው። ይህን ለማስታረቅ እጅግ ቀላሉ መንገድ ፊቱን እንደ መስተዋት መገልበጥ ነው፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ሆኖም ሲገለበጥ ጠባሳው ከግራ ቅንድብ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ የፀጉሩም መለያ መሥመር እንዲሁ። የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የተገለበጠውን ለሙከራ አሳይቻት ነበር፤ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ወዲያው አወቀች፤ ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለችም። ራሱ አባቴ ተነሥቶ ቢያይ ምናልባት የተገለበጠውን ይመርጥ ነበር፤ ሰው የራሱን መልክ የሚያውቀው በመስተዋት ነውና። ሥዕሉ የሚሠራው ግን ለሚያውቁት ነው። ስለዚህ ሳልገለብጠው ቀረሁ፤ በምትኩ ከቀኙ ወገን ያለውን ብርሃን በአንድ ስስ ንጣፍ አለዘብሁት። ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። አስተውሎ የሚያይ ሰው እሱ በሌላ መብራት ሥር እንደ ቆመ ያውቃል። በእውነትም በሌላ መብራት ሥር ነበር።

ስለ ቀለሙ ከወንድሜ ጋር ተከራከርን። «ወንድም ጋሼ፣ ሁላችንም በቀለም ሆነን እሱ ብቻ ግራጫ ሆኖ እንዴት ይቆማል?» አለኝ። ቀለም የሚቀባ መሣሪያ አለ፤ ነገር ግን የሚቀባው በግምት ነው። ኮቱ ምን ዓይነት ቀለም ነበር? እናቴ ቡናማ ነው አለች። አክስቴ በስልክ ስትጠየቅ የለም፣ አመድማ ነበር፣ እኔ ነኝ ያጠብሁት ብላ ማለች። ሁለት ሴቶች በአንድ ኮት ላይ ሲከራከሩ የቆዩት ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ስለ አባቴ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ክርክሩ ሳይፈታ ቀረ፤ ኮቱም ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ገላ አልተከልሁለትም። ጉርዱ የሚያሳየው እስከ ደረቱ ድረስ ነው፤ እናቴ ያስከፈተችውም ቦታ ከወንበርዋ ጀርባ ስለሆነ ከደረቱ በታች ያለው በእርስዋና በወንበሩ ይሸፈናል። እዚህ ላይ ግን ያላሰብሁት ሥራ ገጠመኝ፤ የነጠላዋ ሥራ። እናቴ የለበሰችው ነጠላ ስስ ነው፤ ከትከሻዋ ላይ ጨርቁ ከፍ ባለበት ከበስተኋላው ያለው የአትክልቱ አረንጓዴ ያሳልፋል። አባቴን ከነጠላው ጀርባ ሳቆመው የጨርቁን ጠርዝ በጥቁርና በነጭ ብቻ ብቆርጠው፣ በነጠላዋ ውስጥ ያለው አረንጓዴ እንዳለ ይቀራል፤ አባቴም በትከሻዋ ላይ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። በመሆኑም ማስኩን በግራጫ መሥራት ነበረብኝ፤ ጥለቱ ባለበት ጥቁር፣ ጨርቁ በታጠፈበት ጥቁር ግራጫ፣ በሳሳበት ደግሞ ፈዘዝ ያለ ግራጫ እያደረግሁ፣ የኮቱ ቀለም በጨርቁ ውስጥ በመጠኑ እንዲታይ። በብሩሽ ፈንታ ማውስ ይዤ በዚህች ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ ስፍራ ላይ አራት ሌሊት ሠራሁ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ የሁለቱ ሥዕል የተነካካው በዚች ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ከአንድ ሌሊት ባነሰ ጊዜ ጨርሼዋለሁ።

ጥላም አበጀሁለት። ጥላ የሌለው ሰው በሥዕል ውስጥ የተንጠለጠለ ይመስላል። ቀደም ብዬ በገለጽሁት የማባዛት ስልት፣ ከእሱ ትከሻ ወደ ወንድሜ እጅጌ የምትወርድ ቀለል ያለች ጥላ ነጠፍሁ። የወንድሜ እጅጌ ነጭ ነውና ጥላዋ በደንብ ትታያለች። ወንድሜ ሥዕሉን ሲያይ በመጀመሪያ በጣቱ የነካው ይህችን ቦታ ነው። ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

የቀረው የማኅተሙ ነገር ነበር። ማኅተሙን አጽድቼ ሥሩን ኮት ያስመሰልሁበት አንድ ንጣፍ ለብቻው ሠርቼ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ እያበራሁና እያጠፋሁ ለእናቴ አሳየኋት፤ እንዲህ ሲሆን አለ፤ እንዲህ ሲሆን የለም። እንደገና አሳየኝ አለች። ሦስት ጊዜ አሳየኋት። ለሠላሳ አራት ዓመት ያን ፎቶግራፍ በየጊዜው እያወጣች ስታይ የኖረችው ማኅተሙን ከነትከሻው ነው። «ተወው፣ ከሱ ጋር ነው የማውቀው» አለችኝ። የማጽጃውን ንጣፍ አጠፋሁት። ከፋይሉ ውስጥ ግን አልሰረዝሁትም፤ አሁንም አለ፤ ሌሎቹም ንጣፎች ሁሉ እንደየስማቸው አሉ። የተጨፈለቀው ለአታሚ የሄደው ቅጂ ብቻ ነው።

ከግርጌው ወንድሜ «አባታችን በሠርጉ ላይ» የሚል እንዲጻፍ ፈልጎ ነበር። እኔ «አባታችን መስከረም 1982፤ እኛ ግንቦት 2016» ብዬ ጻፍሁ፤ ካነበበው በኋላ ይህኛው ይሻላል አለ። በ40 በ60 ሳንቲ ሜትር ታትሞ መጣ።

ክፈፍ ለማሠራት እናቴ ራስዋ አብራኝ ሄደች። ክፈፍ ሠሪው መስተዋቱን ለመቁረጥ ሥዕሉን በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ቆም ብሎ ተመለከተና፣ «እማማ፣ ከኋላዎ የቆመው ሰውዬ ቀለሙ ጠፍቷል፤ ትከሻውም ላይ እድፍ አለ። መልሰው ይውሰዱት፤ ያስተካክሉልዎታል» አላት።

«የለም ልጄ፣ እሱ እንደዚህ ነው» አለችው፤ «መስተዋቱን ብቻ ግጠምልኝ።»